ብርድን ከሙቅ አየር የማውጣት ጥበብ

(ከመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በአንዱ የተጻፈ)

የሰው ልጅ እሳትን በእጁ ካደረገ እጅግ ብዙ ሺሕ ዓመት ሆኖታል፤ በመኪና ኀይል ብርድን መሥራት ከጀመረ ግን ሁለት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት ሳዘጋጅ ሐሳቤ የአንድን ማቀዝቀዣ መኪና ታሪክ ለመናገር ነው። ይኸውም ብርዱን የሚሠራው በአሞኒያ ወይም በሌላ ልዩ ጋዝ ሳይሆን፥ ሁላችን በምንተነፍሰው በተራው አየር የሆነው መኪና ነው። ነገሩ በሩቅ አገር የተጀመረ ቢሆንም ለሸዋሮቢትና ለይፋት ቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) ጽፌዋለሁ።

ጣርማ በርና ሸዋሮቢት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ በጣርማ በር ላይ ያልፋል። የቦታው ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን ተራራውን ሸንቁረው የሠሩት ዋሻ እስከ ዛሬ አለ። መኪናው ከዋሻው ወጥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ ይገፈፋል፥ ብርዱ ይቀንሳል፤ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከሸዋሮቢት ሲደርስ ጋቢ ተከናንቦ የመጣው ሰው ጋቢውን አጥፎ ጥላ ይፈልጋል።

ተራራው ከቆላው ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይበርዳል? ብዙ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይጠይቃሉ። መልሱ እንዲህ ነው። አየር አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በላዩ የሚጫነው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል። ለመስፋት ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር መግፋት አለበት፤ መግፋት ሥራ ነው፤ ለሥራው የሚሆነውን ኀይል ከራሱ ሙቀት ስለሚከፍል ይቀዘቅዛል። ከተራራ የሚወርድ አየር በአንጻሩ ይታመቃል፥ ሲታመቅም ይሞቃል። ደረቅ አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይለወጣል። ስለዚህ በጣርማ በር 12 ዲግሪ የነበረ ደረቅ ነፋስ ምንም እሳት ሳይነካው ሸዋሮቢት ሲደርስ 30 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይችላል።

የሚታመቅ አየር መሞቁን ብስክሌት ያለው ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎማ ሲነፋ የመንፊያው ጫፍ እጅን ያሞቃል። እንግዲህ አየርን አምቆ ማሞቅ፥ አስፍቶም ማቀዝቀዝ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ይህን ሕግ በብረት ውስጥ አስገብቶ ለሰው እንዲያገለግል ማድረግ ግን ብዙ ድካም ጠይቋል።

ሐኪሙና በረዶው

እ.ኤ.አ. በ1833 ጆን ጎሪ የሚባል ሐኪም በአሜሪካ አገር፥ በፍሎሪዳ፥ በባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ አፓላቺኮላ ከተማ መጣ። አገሩ ሞቃትና ረግረጋማ ስለ ነበር ነዋሪው በወባና በቢጫ ወባ ይሠቃይ ነበር። በዚያን ዘመን የወባን መነሻ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ከረግረግ የሚነሣ የተበላሸ አየር ሰውን ያሳምማል ተብሎ ይታመን ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያን ቃል ራሱ «ክፉ አየር» ማለት ነው። በእኛም አገር የደጋው ሰው ንዳድን ፈርቶ በቆላ ማደርን ይሸሽ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል።

ዶክተር ጎሪ ሕመምተኞቹን ከሙቀት ለማሳረፍ አሰበ። በረዶ በሳሕን አድርጎ ከክፍሉ ጣሪያ በታች ሰቀለ፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሕመምተኛው ይወርድ ነበር። ነገር ግን በረዶው የሚመጣው በክረምት ከሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ተቈርጦ፥ በሰጋቱራ ተሸፍኖ፥ በመርከብ ተጭኖ ነበር። መርከቡ ከዘገየ በረዶ የለም፤ ዋጋውም ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሙ በረዶን እዚያው በቆላው አገር ለመሥራት ቈረጠ፥ እየቈየም የሕክምና ሥራውን ተወ። መኪናው አየርን በፒስተን ያምቃል፥ የሞቀውን አየር በውሃ ያቀዘቅዛል፥ ከዚያም አየሩ እንዲሰፋ ያደርጋል፤ በመስፋቱ የበረደው አየር የጨው ውሃን፥ የጨው ውሃውም ንጹሑን ውሃ ያቀዘቅዝና በረዶ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 6 ቀን 1851 የአሜሪካ መንግሥት ቍጥሩ 8080 የሆነ የፈጠራ መብት ሰጠው።

የፈጠራ ወረቀት ግን ገንዘብ አልሆነለትም። ፋብሪካ የሚያቆምበት ሀብት ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐረፈ። ስለ ወባ መነሻ የነበረው እምነትም እውነት አልነበረም፤ ወባን የምታመላልሰው ትንኝ መሆኗ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1897 ባደረገው ምርመራ ታወቀ። ቢሆንም መኪናው ትክክል ነበር። በተሳሳተ እምነት የተነሣ ሰው እውነተኛ ነገር ሊያገኝ እንደሚችል የዚህ ሐኪም ታሪክ ያስረዳል።

መኪናው እንዴት ይሠራል?

የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ሥራ አራት ደረጃ አለው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ እንደ መንኰራኵር ይዞራል። ነገሩ እንዲገባን የቆላውን ቀትር እንውሰድ፤ አየሩ 35 ዲግሪ ነው እንበል።

አንደኛ፥ መኪናው አየሩን ወደ አራት እጥፍ ግፊት ያምቀዋል። ሙቀት ወደ ውጭ ሳይወጣ ፈጥኖ ቢታመቅ፥ አየሩ በሒሳብ 185 ዲግሪ ያህል ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ ይህ እጅግ የሞቀ አየር እንደ መኪና ራዲያተር ባለ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። በውጭ ያለው አየር 35 ዲግሪ እንኳ ቢሆን ከ185 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነውና ሙቀቱን ይወስድለታል። አየሩ ግፊቱን እንደ ያዘ ወደ 45 ዲግሪ ይወርዳል። የጥበቡ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የቆላው ሙቀት ራሱ ማቀዝቀዣ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ የታመቀው አየር ፒስተን ወይም ተርባይን እየገፋ ወደ ቀድሞው ግፊቱ ይሰፋል። ሥራ ስለሚሠራ ሙቀቱን ይከፍላል፤ በሒሳብ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ይሆናል። የሚገፋው ፒስተን ወይም ተርባይን ደግሞ የመጀመሪያውን ማመቂያ ለማዞር ስለሚረዳ ከወጣው ኀይል ከፊሉ ይመለሳል።

አራተኛ፥ ይህ የበረደ አየር ወደ ሥጋው፥ ወደ ወተቱ ወይም ወደ ክፍሉ ገብቶ ሙቀት ይቀበላል፤ ከዚያ ወደ ማመቂያው ይመለሳል ወይም ወደ ውጭ ይለቀቃል።

በሦስተኛው ደረጃ «ሥራ እየሠራ» የሚለውን ቃል አንባቢ ሳያስተውል እንዳያልፈው። የታመቀው አየር አንዳች ሳይገፋ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ቢያመልጥ ኖሮ፥ በዚህ ምሳሌ ሙቀቱ የሚቀንሰው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነበር። ፒስተኑን ሲገፋ ግን መቶ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከላይ የተሰጠው ሒሳብ ምንም ኀይል የማይባክንበት መኪና ሒሳብ ነው፤ በእውነተኛው መኪና ሰበቃና ሌላ ብክነት ስላለ ብርዱ ከዚህ ያንሳል።

የበረደ ሥጋ ባሕር ያቋረጠበት ዘመን

ከጎሪ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1862 አሌክሳንደር ከርክ የሚባል የስኮትላንድ መሐንዲስ አየሩ ሳይወጣ በውስጡ የሚዞርበትን መኪና ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1877 ደግሞ የግላስጎው ሥጋ ነጋዴዎች የነበሩት ሄንሪና ጄምስ ቤል ከኬሚስቱ ከጆሴፍ ኮልማን ጋር ሆነው «ቤል ኮልማን» የተባለውን መኪና አወጡ። እስከ ዛሬ የምሕንድስና መጻሕፍት ይህን የሥራ ዙር በነሱ ስም ይጠሩታል።

የመኪናው ትልቁ ፈተና በባሕር ላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1882 «ዱኒዲን» የምትባል የሸራ መርከብ ከኒው ዚላንድ ተነሣች፤ ጭነቷም 5,000 ያህል የታረዱ በጎችና ጠቦቶች ነበሩ። በሞቃቱ ባሕር ላይ ስትሄድ ብርዱ በዕቃ ቤቱ ውስጥ እኩል እንደማይደርስ ታወቀ። ካፒቴኑ ጆን ዊትሰን አየሩ እንዲዘዋወር ቀዳዳ ለማበጀት ወደ አየር ማስተላለፊያው ገብቶ ሳለ በብርድ ደንዝዞ፥ ረዳቱ በገመድ ጐትቶ አወጣው። በምድር ወገብ አጠገብ፥ በዚያ ሙቀት መካከል ሰው በብርድ ሊሞት ደረሰ! መርከቧ ከ98 ቀን በኋላ ለንደን ስትደርስ ሥጋው ደኅና ነበር። ከዚያ ወዲህ ኒው ዚላንድ ከሱፍ ሌላ ሥጋና ቅቤ ለዓለም የምትሸጥ አገር ሆነች። የአንድ አገር ኑሮ በአንድ መኪና ሲለወጥ ከታዩት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ነገር ግን የአየር መኪና የነገሠበት ጊዜ አጭር ነበር። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ኪሎ አሞኒያ ፈሳሽ ሆኖ ሲተን 1,300 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይጠጣል። አንድ ኪሎ አየር ከዜሮ በታች ከ59 ዲግሪ እስከ ዜሮ ሲሞቅ የሚጠጣው 59 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ አሞኒያን ሥራ ለመሥራት 22 ኪሎ አየር ያስፈልጋል፤ በሸዋሮቢት ከፍታና ሙቀት ደግሞ አንድ ኪሎ አየር አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። የአየር መኪና ግዙፍ፥ ከሰልም በላተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በመስፊያው ውስጥ በረዶ እየሆነ ቧንቧውን ይደፍን ነበር። ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በጀርመን አገር ያሻሻለው የአሞኒያ መኪና እየተስፋፋ ሲሄድ፥ የአየሩ መኪና ከመርከብና ከፋብሪካ እየወጣ ሄደ።

ከመርከብ ወደ አውሮፕላን

የተጣለው መኪና ግን ቦታውን በሰማይ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የጄት አውሮፕላን መስፋፋት በጀመረ ጊዜ መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። የጄት ሞተር ለራሱ ሥራ አየር ያምቃል፤ እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ከሞተሩ ጥቂት የታመቀ አየር ቢወሰድ፥ በውጭው ብርድ አየር ቢቀዘቅዝ፥ በትንሽ ተርባይን ቢሰፋ፥ መንገደኞቹ የሚተነፍሱት ቀዝቃዛ አየር ይገኛል። ተርባይኑ ትንሽና ቀላል ነው፤ ቧንቧው ቢሾልክ የሚወጣው አየር እንጂ መርዝ አይደለም፤ በከፍታ ላይ የሳሳውን አየር አምቆ ለመተንፈስ የሚመች የሚያደርገውም ይኸው አየር ነው። በመርከብ ላይ ጥፋት የሆነበት ጠባይ በአውሮፕላን ላይ ጥቅም ሆነ።

የአገራችን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። የዚያን ጊዜዎቹ ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች የመንገደኛ ክፍላቸው የታመቀ አየር የሌለው ነበር። በ1976 ዓ.ም. የገቡት ቦይንግ 767 አውሮፕላኖች ግን ከሞተር በሚወሰድ የታመቀ አየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። አየር መንገዱ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ አየሩን ከሞተር አይወስድም፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማመቂያ ከውጭ አየር ስቦ ያምቅለታል። ቢሆንም የማቀዝቀዙ ዘዴ ያው አየርን አምቆ፥ አቀዝቅዞ፥ በተርባይን ማስፋት ነው። እንግዲህ ከቦሌ የሚነሣ መንገደኛ በራሱ ላይ የሚነፍሰውን ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ፥ የአፓላቺኮላው ሐኪም ለወባ ሕመምተኞቹ የተመኘውን ነገር አገኘ ማለት ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ለአየር መኪና ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በፍሪጅ ውስጥ ይገቡ የነበሩት አንዳንድ ጋዞች ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን ኦዞን እንደሚያጠፉ ስለ ታወቀ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ተደረገ። በነሱ ቦታ የገቡት ጋዞችም ምድርን የሚያሞቁ ሆነው ስለ ተገኙ፥ እነዚህን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ሌላ ስምምነት ተጨመረ። አየር ግን ቢፈስ ማንንም አይጎዳም፤ አይገዛም፥ አያልቅም።

ለይፋት ምን ይጠቅማል?

አሁን ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። በሸዋሮቢትና በቀወት፥ በአጣዬም በኩል ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ማሾና ማሽላ ይመረታል። ቀላ ብሎ የተለቀመ ቲማቲም በቆላው ሙቀት ብዙ ቀን አይቈይም። ስለዚህ ገበሬው ገበያው ሲረክስም ቢሆን ይሸጣል፤ አይሱዙው ዛሬ ካልጫነ ነገ የሚጫነው የበሰበሰ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ድካሙ ሳይሆን ሙቀቱ ነው ማለት ይቻላል። ብርድ ያለው ሰው ለመሸጥ ጊዜ መምረጥ ይችላል፤ ብርድ የሌለው ግን ጊዜው ይመርጥለታል።

ለዚህ ሥራ የአየሩን መኪና አምጡ አልልም። ለቲማቲም ማኖሪያ የሚያስፈልገው ከ12 ዲግሪ ብዙ ያልራቀ ቅዝቃዜ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታችማ ፍሬው ይጎዳል። ለእንዲህ ያለው መጠነኛ ቅዝቃዜ የአየር መኪና ከተራው ፍሪጅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። አያቶቻችን በተሻለ መንገድ ጀምረውታል፤ ውሃ በገንቦ ሲቀመጥ በገላው እያላበ ይቀዘቅዛል፥ ላቡ ሲተን ሙቀት ይወስዳልና። በዚሁ ሕግ ግድግዳው በከሰል ተሞልቶ ውሃ የሚረጭበት ጎጆ በደረቁ ወራት አትክልትን ለጥቂት ቀን ሊያቈይ ይችላል። ቀይ ሽንኩርትም ደኅና አድርጎ ከደረቀ በኋላ እርጥበት በሌለበት፥ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ውስጥ ከርሞ ይቈያል። ለወተትና ለሥጋ ግን እውነተኛ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ብርድ የሚያስፈልገው ለመድኃኒት ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፥ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ድርጅቱ ለሕፃናት የሚሰጥ የወባ ክትባት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021፥ ሁለተኛውንም በ2023 ፈቅዷል። ሁለቱም ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ መቀመጥ አለባቸው። በቆላ ጤና ጣቢያ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ፥ ክትባቱ መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉን ሊያጣ ይችላል፤ እናትም ልጇን ይዛ ረጅም መንገድ የምትሄደው በከንቱ ይሆናል። በፀሐይ ብርሃን እየሠሩ ቀን በረዶ አጠራቅመው ሌሊት የሚጠብቁ የክትባት ማቀዝቀዣዎች መኖራቸው ለእንዲህ ያለው ቦታ ትልቅ ረድኤት ነው።

ዶክተር ጎሪ ብርድ ወባን ያድናል ብሎ ተነሣ፤ በምክንያቱ ተሳሳተ። ከ170 ዓመት በኋላ ወባን የሚከላከለው ክትባት ያለ ብርድ የማይቆም ሆነ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ሙቀት ለቆላ ሰው ዕጣ ብቻ ተደርጎ አይታይ፤ ሕግ ያለው፥ የሚለካም ነገር ነው። በሚመጣው ዓመት የሳይንስ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ገንቦና በአንድ ቆርቆሮ እኩል ውሃ ሞልተው በጥላ ቢያኖሩ፥ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በየቀኑ በስድስት ሰዓት የሁለቱን ሙቀት ለክተው ቢጽፉ፥ ገንቦው በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ለወላጆቻችን በቍጥር ሊነግሩ ይችላሉ። ከዚህ ተነሥቶ ለአንድ ማሳ ቲማቲም የሚበቃ ጎጆ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠይቅ ማስላት ይቻላል። የሚያስፈልገው ሁለት ዕቃ፥ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ነው፤ እነዚህም በትምህርት ቤታችን አሉ።